የሣር ማጨጃው ሲቆም፦ ወደ መጠገኛ ቤት ከመሄዳችን በፊት



ክረምቱ ወጥቶ የፔሳሕ በዓል ሲቃረብ በየግቢው የሣር ማጨጃ ድምፅ መሰማት ይጀምራል። ክረምቱን ሙሉ በመጋዘን የከረመው ማሽን ግን በዚያው ሰሞን ገመዱ አሥር ጊዜ ተስቦ አልነሣ ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ይነሣና ሣሩን ግማሽ ካደረሰ በኋላ ቀጥ ይላል። ባለቤቱ ላቡን እየጠረገ ዙሪያውን ይዞረዋል፣ አንድ ሁለቴ በእግሩ ነካ ያደርገዋል፣ ከዚያም «አልቆለታል» ብሎ ይተወዋል።

ይህ ለተማሪዎች መጽሔት የሚሆን ርእስ ነው ወይ የሚል ይኖራል። ነው እንላለን። ከወላጆቻችን መካከል በአትክልት ሥራ፣ እዚህ ጊኑን በሚባለው ሙያ፣ ቤተሰብ ያሳደጉ አሉ። ከእኛም መካከል ዓርብ ዓርብ በየሞሻቩ ሣር እያጨዱ የቤት ኪራይ የሚያሟሉ ተማሪዎች አሉ። ለእነዚህ ሰዎች ማሽኑ ቆመ ማለት የዚያ ቀን ደመወዝ ቀረ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ለቆመበት ምክንያት መፍትሔው አንድ ካንዴላ ወይም አንድ ሊትር ትኩስ ቤንዚን ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደምንፈልግ እናያለን። በመጨረሻም ከሙያችን፣ ከማኅበራዊ ሥራ ትምህርት፣ አንድ ነገር እንጨምራለን።

ማሽኑ ምን ይፈልጋል?

የመጀመሪያውን የሣር ማጨጃ በ1830 የሠራው ኤድዊን በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ሐሳቡን ያገኘው በጨርቅ ፋብሪካ ከሚሠራ ማሽን ነበር፤ ያ ማሽን ከተሸመነው ጨርቅ ላይ የተነሣውን ጭረት እየላጨ ያስተካክላል። የበዲንግ ማጨጃ በሰው ጉልበት የሚገፋ ነበር። ዛሬ በእጃችን ያለው የቤንዚን ማጨጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለ አራት ምት ሞተር አለው። የዚህ ዓይነቱን ሞተር ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 ሠርቶ አሳይቷል።

ይህ ሞተር እንዲሠራ የሚያስፈልጉት ነገሮች አራት ናቸው፦ ቤንዚን፣ አየር፣ የእሳት ብልጭታና እመቃ። ቤንዚኑ በካርቡራቶር ውስጥ ከአየር ጋር ይቀላቀላል፤ ፒስተኑ ድብልቁን ያምቀዋል፤ ካንዴላው ብልጭታ ይሰጠዋል፤ ድብልቁ ሲቀጣጠል ፒስተኑን ይገፋል። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ሞተሩ ይቆማል። እንግዲህ «ምን ሆነ?» ብለን ስንጠይቅ ጥያቄያችን «ከአራቱ የጎደለው የትኛው ነው?» ማለት ነው። ፍለጋውን ቀላልና ርካሽ ከሆነው እንጀምራለን፣ ከባዱንና ውዱን ወደ መጨረሻ እናቆየዋለን።

ከመንካታችን በፊት

የማጨጃው ስለት የሰውን ጣት ከሣር አይለይም። ስለዚህ የሚከተሉትን ሳናደርግ አንጀምር።

አንደኛ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ስለቱ መዞሩን ፈጽሞ እስኪያቆም እንጠብቅ። ሁለተኛ፣ የካንዴላውን ወፍራም ገመድ ከካንዴላው ላይ ነቅለን ወደ ጎን እናድርገው። ስለቱን በእጅ ስናዞር ሞተሩም አብሮ ይዞራልና ገመዱ ካልተነቀለ ሳይታሰብ ሊነሣ ይችላል። ሦስተኛ፣ ሞተሩ ትኩስ ሳለ ቤንዚን አንጨምር፤ ጢሱ በሚያፍን ዝግ መጋዘን ውስጥም አናስነሣው። ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው። አራተኛ፣ ማሽኑን ለማጋደል ስንፈልግ የአየር ማጣሪያውና ካርቡራቶሩ ያሉበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። በተሳሳተ ጎን ከተጋደመ ዘይቱ ወደ ማጣሪያውና ወደ ሲሊንደሩ ይፈስሳል። ደኅና የነበረው ማሽን በዚህ ብቻ አልነሣ ሊል ወይም ነጭ ጢስ ሊያወጣ ይችላል።

መጀመሪያ ጥያቄ

በማኅበራዊ ሥራ ትምህርት የመጀመሪያው ዓመት ደጋግመን የምንሰማው ነገር አለ፦ ሰምታችሁ ሳትጨርሱ መፍትሔ አትስጡ። ለማሽንም ይሠራል። መፍቻ ከማንሣታችን በፊት ለባለቤቱ ወይም ለራሳችን እነዚህን ጥያቄዎች እናቅርብ፦

መቼ ነው የቆመው? ሲነሣ ነው፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ነው ወይስ ሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ? ቤንዚኑ መቼ የተገዛ ነው? ከመቆሙ በፊት ድንጋይ፣ የውኃ ቧንቧ ወይም የመርጫ ራስ መትቷል? ተጋድሞ ነበር? ዘይት ተጨምሮበታል? ሲቆም ቀስ እያለ ደከመ ወይስ በአንድ ጊዜ ጠፋ? ጢስ ነበረው? ምን ዓይነት ቀለም?

እነዚህን የመለሰ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። አሁን ምልክቶቹን አንድ በአንድ እንይ።

፩. ጭራሽ አልነሣ ሲል

በመጀመሪያ የታንኩን ክዳን ከፍተን ቤንዚን መኖሩን በዓይናችን እንይ። ብዙ ሰው ይህን ይዘልለዋል። ቤንዚን ካለ ዕድሜውን እናስብ። ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ ሲቀመጥ ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሲቆይም ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል። ከሱኮት ጀምሮ በታንክ ውስጥ የቆየ ቤንዚን በፔሳሕ ቢያስቸግር አያስደንቅም። አሮጌውን አውጥተን ትኩስ ቤንዚን እንጨምር፤ በየማደያው የምናገኘው 95 ኦክታን ይበቃል። የወጣውን ቤንዚን መሬት ላይ ወይም ወደ ፍሳሽ ማፍሰስ ክልክል ነው። በተዘጋ ጀሪካን አስቀምጠን የት እንደሚወሰድ በማዘጋጃ ቤቱ የስልክ መስመር 106 እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ በእጀታው ላይ ያለውን የደኅንነት ዘንግ እንይ። ይህ ዘንግ ከእጀታው ጋር ተጨብጦ ካልተያዘ ሞተሩ ብልጭታ አያገኝም። ዘንጉን ከሞተሩ የሚያገናኘው ቀጭን የሽቦ ገመድ በጊዜ ብዛት ይላላል። አንድ ሰው ዘንጉን ሲይዝ ሌላው በሞተሩ በኩል ያለውን ጫፍ ይመልከት፤ እስከ መጨረሻው ካልተንቀሳቀሰ ጉድለቱ እዚያ ነው። ገመዱን ማጥበቅ ብቻ ይበቃዋል።

ሦስተኛ፣ ካንዴላው ነው። በካንዴላ መፍቻ ፈትተን ጫፉን እንመልከት። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ አንሷል ማለት ነው፤ የአየር ማጣሪያው ተደፍኖ ይሆናል። በቤንዚን ከረጠበ ሞተሩ ከመጠን በላይ ጠጥቷል ወይም ብልጭታው ጠፍቷል። ዘይት ከለበሰ ዘይት በዝቷል ወይም ማሽኑ በተሳሳተ ጎን ተጋድሟል። በብረት ብሩሽ እናጽዳው፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተትም እንለካ። በብዙ ማጨጃዎች ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትክክለኛው በማሽኑ መመሪያ ላይ ተጽፏል። ካንዴላ ርካሽ ነውና ካጠራጠረን አዲስ ብንገጥም ይሻላል። ስንመልሰው መጀመሪያ በእጃችን እናስገባው፤ በመፍቻ ከጀመርን ጥርሱ ሊበላ ይችላል።

ሞተሩ ከመጠን በላይ ከጠጣና የቤንዚን ሽታ ከመጣ ገመዱን እየደጋገሙ መሳብ ያባብሰዋል። ቾኩን ከፍተን ሩብ ሰዓት ያህል እናሳርፈውና እንደገና እንሞክር።

፪. ተነሥቶ ወዲያው ሲጠፋ

ማሽኑ ተነሥቶ ሦስት ወይም አምስት ሰከንድ ሠርቶ የሚጠፋ ከሆነ ብልጭታውም እመቃውም አለ ማለት ነው። የጎደለው ቤንዚን ነው። ለማስነሻ የተሰጠችውን ጥቂት ቤንዚን አቃጥሎ ይጨርሳል፣ ከዚያ የሚቀጥለው አይመጣለትም። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በካርቡራቶሩ ውስጥ ካለች፣ ከመርፌ ዓይን ብዙም ከማትበልጥ ቀዳዳ ነው። ከላይ የተናገርነው ዝቃጭ ይደፍናታል።

በብዙ ማጨጃዎች ላይ የካርቡራቶሩ ጎድጓዳ ክፍል ከታች በአንድ ብሎን ይያዛል። ከመፍታታችን በፊት በስልካችን ፎቶ እናንሣ፣ የቤንዚኑን መምጫ እንዝጋ፣ ከሥር ዕቃ እናስቀምጥ። ጎድጓዳውን አውርደን በካርቡራቶር ማጽጃ እናጥበው። ብሎኑ ራሱ ቀዳዳ ካለው ቀዳዳውን በብርሃን እንየው። ወፍራም ሽቦ አናስገባበት፤ ቀዳዳው ከሰፋ መጠኑ ይበላሻል። ከኤሌክትሪክ ገመድ የተወሰደች አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ትበቃለች። የጎማ ጓርኒሲዮኑ ከተሰነጠቀ በአዲስ ይለወጥ። ማጽጃው የሚቀጣጠል ነገር ስለሆነ ሥራውን ደጅ፣ ዓይናችንን በመነጽር ሸፍነን እንሥራ።

፫. ጥቂት ሠርቶ ሲቆም፣ ካረፈም በኋላ ሲነሣ

ይህ ሰውን በጣም የሚያሳስት ምልክት ነው፤ ምክንያቱ ብዙ ነውና።

አንደኛው ምክንያት የታንኩ ክዳን ነው። ክዳኑ አየር የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለችው። እሷ በአቧራ ስትደፈን ቤንዚኑ በወረደ መጠን አየር አይተካበትም፣ ታንኩ ቤንዚኑን ይዞ ያስቀራል፣ ሞተሩም ይራባል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ማሽኑ እንደቆመ ክዳኑን ላላ አድርገን አየሩ ሲገባ ፍስስ የሚል ድምፅ እንስማ፤ ክዳኑን አጥብቀን ወዲያው እናስነሣው። ከተነሣ ጥፋቱ የክዳኑ ነው። ክዳኑ ታጥቦ ካልተሻለው በአዲስ ይለወጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። ሞተሩን የሚያበርዱት በሲሊንደሩ ዙሪያ ያሉ ቀጫጭን የብረት ክንፎች ናቸው። በመካከላቸው ደረቅ ሣር ከተጠቀጠቀ ሞተሩ ይግላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ሲበርድ በእንጨትና በብሩሽ እናጽዳ።

ሦስተኛው ዘይት ነው። ማሽኑን ደልዳላ ቦታ አቁመን በመለኪያው ዘንግ እንለካ። ዘይት ካነሰ ሞተሩ ይጎዳል፤ አንዳንዱ ሞተር ራሱን ያጠፋል። ከበዛም ያጨሳል፣ ካንዴላውንም ያበላሻል። ብዙዎቹ ግማሽ ሊትር ገደማ ይይዛሉ። ለዚህ አገር በጋ ኤስ ኤ ኢ 30 የተባለው ዘይት ይስማማል፤ የእናንተ ማሽን የሚፈልገውን ግን ከመመሪያው አረጋግጡ።

አራተኛው ብልጭታውን የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ ነው። ይህ ሲያረጅ በብርድ ይሠራል፣ ሲግል ብልጭታው ይጠፋል። ማሽኑ እንደቆመ ወዲያው በብልጭታ መፈተሻ ብናየው ይታወቃል። ሌሎቹን ሦስቱን ሳናጣራ ግን ወደዚህ አንሂድ፤ ዋጋው ከእነሱ ይበልጣል።

፬. ረጅም ሣር ውስጥ ሲታፈን

እዚህ አገር በብዛት ከሚተከሉት ሣሮች አንዱ ኪኩዩ ይባላል። ስሙን ያገኘው በኬንያ ካለው የኪኩዩ ሕዝብ ነው። የተፈጥሮ አገሩ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሲሆን ኢትዮጵያም ውስጥ ይበቅላል። ወላጆቻችን ሰርዶ የሚሉት ደግሞ እዚህ ያብሊት የሚባለው ነው። እንግዲህ ከሣሩም መካከል ከእኛ አካባቢ የመጣ አለ። ኪኩዩ እንደ ምንጣፍ ተጠላልፎ ስለሚወፍር ደካማ ማሽንን ያፍናል።

ሕጉ በአንድ ጊዜ ከሣሩ ቁመት ከሲሶው በላይ አለመቁረጥ ነው። ሣሩ ከረዘመ ማሽኑን ከፍ አድርገን አንድ ጊዜ፣ ዝቅ አድርገን ሁለተኛ ጊዜ እንለፍበት። እርጥብ ሣር ከሥር ይለጠፋልና ጤዛው እስኪደርቅ እንጠብቅ። የአየር ማጣሪያውንም እንይ። የወረቀት ከሆነ ጠንካራ ነገር ላይ መታ መታ አድርገን አቧራውን እናራግፍ፤ አይታጠብም፤ ከቆሸሸ ይለወጣል። የስፖንጅ ከሆነ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ሳሙና ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ ተደርጎበት ይጨመቃል።

ስለቱ የደነዘዘ እንደሆነ ሣሩን ከመቁረጥ ይልቅ ይቦጭቀዋል፣ ሞተሩም ይለፋል። ስለቱን ስንፈታ ወፍራም ጓንት እናድርግ። በሞረድ ስንስል የነበረውን ማዕዘን እንጠብቅ። ከዚያ ስለቱን በመካከለኛ ቀዳዳው ግድግዳ ላይ ባለ ምስማር እንስቀለው። አንዱ ጎን ካዘቀዘቀ እሱ ከብዷል፤ ሚዛኑ እስኪስተካከል እሱን እንሞርደው። ሚዛን የሌለው ስለት ማሽኑን እያንቀጠቀጠ ሞተሩን ይጎዳል።

በዚህ ላይ አባቶቻችን መምህሮቻችን ናቸው። ቤተ እስራኤል በጎንደርና በአካባቢው በብረት ሥራ፣ በሽመናና በሸክላ ሥራ ይታወቁ ነበር። ጎረቤት የሚያርስበት ማረሻ፣ የሚያጭድበት ማጭድ ከእጃቸው ይወጣ ነበር። በዚያው ሙያቸው ደግሞ ቡዳ እየተባሉ ይገለሉ ነበር። ብረት ሲሳል የሚሰጠውን ድምፅ የሚያውቅ አያት ያለው ተማሪ ከማንኛውም መመሪያ የተሻለ መምህር ቤቱ አለለት።

፭. ገመዱ አልሳብ ሲል ወይም ማሽኑ ድንጋይ ከመታ በኋላ

ገመዱ ከከበደ የካንዴላውን ገመድ ነቅለን ከሥር እንይ፤ ሣር ተጠቅጥቆ ስለቱን ይዞት ይሆናል። በእንጨት እንፋቀው። ማሽኑ ድንጋይ ወይም የመርጫ ራስ መትቶ ወዲያው ከቆመና ከዚያ ወዲህ አልነሣ ካለ፣ ወይም ሲሳብ ገመዱ እጅን መልሶ የሚነጥቅ ከሆነ፣ በቮላኖው ሥር ያለች ትንሽ ለስላሳ ሽብልቅ ተቆርጣ ሊሆን ይችላል። የተሠራችው እንደዚህ ባለው ቀን እሷ ተሰብራ ሞተሩን እንድታተርፍ ነው። ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ ለመቀየር ግን ልዩ መሣሪያ ስለሚያስፈልግ ይህን ለባለሙያ እንተወው። የሞተሩ ዋና ዘንግ መጣመሙንም እሱ ያየዋል። ከተጣመመ ጥገናው ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

ለኤሌክትሪክ ማጨጃ

በገመድ የሚሠራ ማጨጃ ሲቆም መጀመሪያ ሶኬቱን እንንቀል። ከዚያ በቤቱ የኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ ፓሓት የሚባለው መቆጣጠሪያ ወርዶ እንደሆነ እንይ። ከወረደ ሰውን ከኤሌክትሪክ ለማዳን ነው የወረደው፤ ስለዚህ ዝም ብለን አንመልሰው። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይናችን እንመርምር። ስለቱ የቆረጠው ወይም የተላጠ ቦታ ካለ በፕላስተር ጠቅልሎ መጠቀም አይገባም፤ 230 ቮልት ይገድላል። ገመዱ ደኅና ከሆነ ማሽኑ ግሎ ራሱን አጥፍቶ ይሆናል፤ ግማሽ ሰዓት እናሳርፈው። ቀጭንና በጣም ረጅም ማራዘሚያም ኃይል ያሳጣዋል።

ሁለቱን ቤንዚኖች አትቀላቅሉ

በአትክልት ሥራ ላይ ያሉ ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ። በትከሻ የሚያዘው ማጨጃ፣ እዚህ ሄርሜሽ የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ምት ሞተር አለው፤ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ይጠጣል። የሚገፋው ማጨጃ ግን ንጹሕ ቤንዚን ይጠጣል፤ ዘይቱ ለብቻው ነው። የተቀላቀለው በሚገፋው ውስጥ ቢገባ ያጨሳል፣ ካንዴላውን ያቆሽሻል። ንጹሑ በሄርሜሹ ውስጥ ቢገባ ግን ሞተሩን በደቂቃዎች ውስጥ አድርቆ ሊያቃጥለው ይችላል። ሁለቱን ጀሪካኖች በተለያየ ቀለም ምልክት እናድርግባቸው፤ ጽሑፉንም በአማርኛና በዕብራይስጥ እንጻፈው።

መጠገኛ ቤት ስንሄድ የሚናገረው ማን ነው?

ከአባሎቻችን የአንዱ አባት ለብዙ ዓመታት በጊኑን ሥራ ይተዳደራሉ። ማሽናቸው ሃያ ደቂቃ እየሠራ ይቆም ጀመር። ልጃቸውን አስከትለው ወደ አንድ መጠገኛ ቤት ሄዱ። ሠራተኛው አባትየውን ትቶ ልጁን ብቻ እያየ፣ ካርቡራቶሩ በአዲስ መለወጥ አለበት ብሎ ዋጋውን ነገረው። ልጁ ስለ ሞተር የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ዕብራይስጡ ግን የእሱ ነበር። «እሺ» ማለት ቀላሉ ነገር ነበር። እሱ ግን ወደ አባቱ ዞሮ «አባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አላቸው። አባትየውም «ክዳኑን ላላ ሳደርገው ፍስስ ይልና ይነሣል። ካርቡራቶር ቢሆን ክዳን በመክፈት ይድናል ወይ?» አሉ። ልጁ ቃል በቃል ተረጎመ። ሠራተኛው ጥቂት ዝም አለ፣ ከዚያ ክዳኑን አንሥቶ አየው። የተለወጠው ክዳኑ ብቻ ነው።

በትምህርታችን አስተርጓሚ ባለበት ስብሰባ ላይ የምንማረው ደንብ አለ፦ ባለሙያው የሚያየውና የሚያናግረው ባለጉዳዩን ነው እንጂ አስተርጓሚውን አይደለም። እኛ ልጆች ከትንሽነታችን ጀምሮ በየቢሮው፣ በየክሊኒኩ፣ በየባንኩ አስተርጓሚ ነበርን። በዚህ ምክንያት ሳናስበው በወላጆቻችን ቦታ ተቀምጠን የምንገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ቋንቋው የእኛ ስለሆነ እውቀቱም የእኛ ይመስለናል፤ ፊት ለፊታችን ያለው ሠራተኛም እንደዚያው ይመስለዋል። አባት የገዛ ማሽናቸው ጉዳይ በራሳቸው ላይ ሲያልፍ ዝም ካሉ፣ ነገ በሌላም ጉዳይ ዝም ማለትን ይለምዳሉ። ልጁ በዚያ ቀን ከካርቡራቶሩ ዋጋ የበለጠ ነገር አድኗል እንላለን።

ስለዚህ ስንሄድ እንዲህ እናድርግ። ቤት ውስጥ ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች አብረን እንመልስ። በሱቁ ውስጥ አባታችን ወይም እናታችን ከፊት ይቁሙ፣ እኛ ከጎን። ከመሠራቱ በፊት በጽሑፍ የዋጋ ግምት፣ ሃጻዓት መሒር የሚባለውን፣ እንጠይቅ። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ እንዲመልሱልን እንጠይቅ። ስንከፍል ካባላ፣ ማለት ደረሰኝ፣ እንቀበል። አሕራዩት፣ ማለት ዋስትና፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነም እንዲጻፍልን እናድርግ።

ወላጆቻችን ራሳቸው እንዲናገሩ ጥቂት ቃላትን አብረን እንለማመድ። የሣር ማጨጃ ማኽሴሓት ዴሼ ነው። ካንዴላ ማጼት ወይም ፕላግ ይባላል። የአየር ማጣሪያው ፊልተር አቪር፣ የሞተር ዘይቱ ሼመን ማኖአ፣ ስለቱ ሳኪን፣ የአጠቃቀም መመሪያው ሆራኦት ሃፍዓላ ነው። ካርቡራቶርና ቤንዚን በሁለቱም ቋንቋ አንድ ናቸው። ይህች ዝርዝር ተጽፋ በመጋዘኑ በር ላይ ብትለጠፍ ጥሩ ነው።

ክረምት ሳይገባ

የመጨረሻው አጨዳ ሲያልቅ ቤንዚኑ እንዲያልቅ ሞተሩን እስኪጠፋ እናሠራው። ዘይቱን እንለውጥ፤ ካልሆነም በየ50 ሰዓት ሥራ ይለወጥ። ከሥር ያለውን ሣር እንፋቅ፣ ስለቱን እንሳል፣ ማጣሪያውን እናጽዳ። ይህ ሁሉ ከአንድ ከሰዓት በኋላ የበለጠ አይወስድም፤ በፔሳሕ ሰሞን የሚደርሰውን ድካምም ያስቀራል።

አንድ ምክር እንጨምር። ይህን ትምህርት ያነበበ ተማሪ ብቻውን ማሽኑ ላይ አይድከም። መመሪያውን ይዞ አባቱን፣ አጎቱን ወይም ጎረቤት ያሉትን ጋሼን ይጥራ። እሱ ያንብብ፣ እሳቸው ይፍቱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ዛሬ ካንዴላ የለወጠ ቤተሰብ በሚቀጥለው ዓመት ካርቡራቶር ያጥባል።

መልካም ሥራ፣ መልካም የትምህርት ዘመን ይሁንላችሁ።